ማይኩ ሲከፈት ሁሉም ሰው ዜና አንባቢ ይሆንብኛል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የተጠቃሚ ጥናት ነው። እስካሁን የማውቀው ሰው አስቀምጬ መተግበሪያ እያስነካሁ የት ላይ እንደሚደናገር ማየት ነበር። አሁን ቡድናችን በድምፅ የሚታዘዝ ረዳት ሊሠራ ስለሆነ፣ ለሞዴሉ (ንግግር ለሚማረው ፕሮግራም) የሚሆነውን የንግግር ዳታ የማሰባሰቡ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። «ሰው ማነጋገር ትችይበት የለ» ተባልኩ፣ አለቀ።

ዕቅዱ ቀላል ይመስል ነበር፦ 60 ገደማ ተሳታፊ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ደህና ማይክ፤ ስክሪኑ ላይ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፣ ሰውየው ያነባል፣ ቀጣዩ ይመጣል። የሙከራ ዙሩን ቅጂዎች ሳዳምጥ ግን ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ። ሲገባ እየሳቀና ቃል እየዋጠ ሲያጫውተኝ የነበረው ሰው፣ ቀረጻው ሲጀመር ጉሮሮውን ይጠርግና ቃል በቃል እየረገጠ ማወጅ ይጀምራል። ስልኩን እንዲህ አድርጎ የሚያናግር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ማስነበቡን በምን ልተካው? ክፍያው በተቀዳው ደቂቃ ይሁን ወይስ በቀጠሮ? ጸጥ ያለው ክፍልስ የግድ ነው?

ባለማይኩ
ንባብን ጨርሰሽ አትጣዪው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሊብሪስፒች የሚባለው ዳታሴት (የዳታ ስብስብ) 1,000 ሰዓት ገደማ የእንግሊዝኛ ንባብ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ካነበቧቸው የድምፅ መጻሕፍት የተቆረጠ። ስንት ሞዴል ሠልጥኖበታል፣ ተፈትኖበታል። ችግሩ በንባብ ብቻ ያደገ ሞዴል የሰው ጨዋታ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ንባብ ውስጥ ማመንታት፣ ቃል መዋጥ፣ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መተው ብሎ ነገር የለማ።

ስዊችቦርድን ደግሞ እዪው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማይተዋወቁ ሰዎችን በስልክ አገናኝተው፣ ርዕስ ሰጥተው ያስወሩበት ነው፤ 2,400 ገደማ ውይይት፣ ከ500 በላይ ተናጋሪ። ንባቡን እንደ ውኃ የጠጡ ሥርዓቶች እዚህ ሲደርሱ ለብዙ ዓመታት ሲንገዳገዱ ኖረዋል።

ለአንቺ ንባብ የሚጠቅመው በጨዋታ መሀል በራሱ ለማይመጣ ነገር ነው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ የሰው ስም፣ እምብዛም የማይነገር ቃል። ከቀጠሮው ትንሽ ጊዜ ስጪው፣ ያውም መጨረሻ ላይ። ከፊት ካስነበብሽው የቀረውንም ሰዓት በንባብ ድምፁ ነው የሚያወራሽ።

አወያይዋ
ጠያቂዋ፣ እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ሙያ ነው እኮ፤ የማይክ ጉዳይ አድርገሽ አትዪው። በተጠቃሚ ጥናት ላይ ሰው እንዲያደርግ የምትፈልጊውን ነገር አፉ ላይ አታስቀምጪለትም አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። ዓረፍተ ነገር አትስጪ፣ ጉዳይ ስጪ።

ግን ጉዳዩን በጽሑፍ ከሰጠሽ ሌላ ወጥመድ አለ። ካርዱ ላይ «ለነገ ጠዋት ማንቂያ እንዲሞላ ስልክህን እዘዘው» ብለሽ ከጻፍሽ፣ የመጣው ሁሉ «ለነገ ጠዋት ማንቂያ ሙላ» ይልሻል። ያንቺን ቃል መልሰሽ ቀዳሽ ማለት ነው። ጽሑፉን አንስተሽ ሥዕል አድርጊበት፦ አሥራ አንድ ሰዓት የሚያሳይ ሰዓት፣ የተዘጋጀ ሻንጣ፣ የተኛ ሰው። ያን ጊዜ አንዱ «በአሥራ አንድ ቀስቅሰኝ» ይላል፣ ሌላዋ «አላርም ሙላልኝ፣ ለአሥራ አንድ፣ አይ ለሩብ ጉዳይ ይሁን» ትላለች፣ ሌላው «እንዳላረፍድ ነገ» ብሎ ዝም ይላል። የምትፈልጊው ሦስተኛውን ነው። ረዳቱ ነገ ከተነጋገረው ሰው ግማሹ እንደዚያ ነው የሚያወራው።

ረዘም ያለ ንግግር ካስፈለገሽ ሁለት ሰው አስቀምጪ። ማፕ ታስክ የሚባል አሠራር አለ፤ ለእያንዳንዳቸው ካርታ ይሰጣቸዋል፣ አንደኛው ካርታ ላይ መንገድ ተሥሏል፣ ሌላኛው ላይ የለም፣ ምልክቶቹም እዚህም እዚያም ይለያያሉ። አንዱ የሌላውን ካርታ ሳያይ ያስረዳዋል። «ድልድዩን እለፍ» ሲል ያኛው ካርታ ላይ ድልድይ የለም፤ በቃ እዚያ ላይ ማይኩ ከሁለቱም አእምሮ ይወጣል። በዚህ መንገድ 128 ውይይት ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣ የታወቀ ዳታሴት አለ፤ ለስንት የንግግር ጥናት አገልግሏል።

ሌላው ማሽን መስሎ ሰው የሚመልስበት ዘዴ ነው። ተሳታፊው ረዳቱን የሚያናግር ይመስለዋል፣ ከሌላ ክፍል ግን ባልደረባሽ ናት መልሱን እየመረጠች የምትልከው። ሰው ለማሽን የሚያወጣው ድምፅ ለሰው ከሚያወጣው ይለያል፤ እሱን የምታገኚው እንዲህ ነው። ሆኖም ሲያልቅ እውነቱን ንገሪው፣ ሳይነገረው ከበር እንዳይወጣ። ቅጂውን እንድታጠፊለት ከፈለገም ታጠፊለታለሽ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ «በጣም ጎበዝ!» አትበይ። ባልሽው ቁጥር ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለማሟሟቂያ ብቻ አድርጊያቸው፤ ወደ ሥልጠናው አይገቡም ብለሽ አስቀድመሽ ወስኚ።

ባለማይኩ
በአወያይዋ ላይ የምጨምረው ስለ ክፍሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ጽፎ ያሳወቀው ነገር አለ፤ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከፍ ማለቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ቅላጼውም ይወጣል፣ አናባቢዎቹም ይረዝማሉ። ስለዚህ በጸጥታ የተቀዳ ድምፅ ላይ በኮምፒውተር ጫጫታ ብትደርቢበትም፣ ጫጫታ ውስጥ የቆመ ሰው የሚናገረውን ንግግር አይሆንልሽም። የተወሰነውን ሰው ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ እየተራመደ ቅጂው።

ማይኩም ደህና ስለሆነ አትደሰቺበት። ረዳቱ ስልክ ላይ ነው የሚኖረው? በስልክ ቅጂ። ጎን ለጎን ጥሩውን ማይክ ብታስቀምጪ ለማነጻጸሪያ ይሆንሻል። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ግን ተጠንቀቂ፤ ብዙዎቹ ማይካቸው ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳሉ። በ8 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 8,000 ናሙና) የተቀዳ ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አይዝም፣ የ«ስ» እና የ«ፍ» ፉጨት ደግሞ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው ያለው። ቢያንስ 16 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ዋቭ (ያልተጨመቀ ፋይል) አድርጊው። አንድ ሰዓት በአንድ ቻናል 115 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ለዚያ ብለሽ ወደ ኤምፒስሪ አትጨፍልቂው።

ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ መናገር ካለ የመጀመሪያውን ቃል መጀመሪያ በጆሮሽ አረጋግጪ። ሰው ጣቱ ሳይወርድ ነው አፉ የሚከፈተው። «ደውልለት» ያለው ሰው ፋይሉ ውስጥ «ውልለት» ሆኖ ይገኛል። የምትጠቀሚበትን መተግበሪያ የሠራው ሰው፣ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ያለውን ግማሽ ሰከንድ አብሮ እንዲይዝ ያድርገው። ይሄ ከተቀዳ በኋላ በምንም አይመለስም።

ተናጋሪ_ቁጥር_ስንት
እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፤ ድምፄን ሸጬ አውቃለሁ። ስለ ክፍያው የጠየቅሽውን እኔ ልመልስልሽ።

የሠራሁበት ቦታ የሚከፍለው «ተቀባይነት ባገኘ ቅጂ» ነበር። ያነበብኩትን አስገባለሁ፣ ከዚያ ቀይ ምልክት፦ «ግልጽ አይደለም፣ ድገም»። እደግማለሁ፣ ቀይ። ምን እንዳጎደልኩ የሚነግረኝ የለም። በኋላ ገባኝ፤ አነጋገሬን ትቼ የዜና አንባቢ ድምፅ ሳወጣ ብቻ ነው አረንጓዴ የሚበራው። አጎቴ አብሮኝ ሞክሮ ነበር፣ እሱ የአገር ቤት አነጋገሩን መቀየር አይሆንለትም፤ ሰለቸውና ተወው፣ ሳንቲም አላገኘም። ጠያቂዋ ሰው ሁሉ ዜና አንባቢ ሆነብኝ ስትል ሳቄ መጣ። እኛን ዜና አንባቢ ያደረገን ክፍያው ነው።

በቅጂ ከከፈልሽ ሰው ይሮጣል፣ በደቂቃ ከከፈልሽ ይጎትታል። በቀጠሮ ክፈዪ፤ መሀል ላይ ደክሞኛል ብሎ ቢወጣም ሙሉውን ስጪው።

ባለማይኩ
ወንድሜ፣ አሁን የነካኸው የነገሩን ሥር ነው። ያ ቀይ ምልክት ከጀርባው ማን አለ? አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የንግግር ማወቂያ ሞዴል ነው። ቅጂህን ይሰማል፣ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፣ ከስክሪኑ ጽሑፍ ጋር ካልገጠመለት ይጥለዋል። ማለትም ማሽኑ ቀድሞ የሚያውቀው አነጋገር ያልፋል፣ የማያውቀው ይወድቃል፤ ከዚያ ባለፈው ዳታ አዲስ ሞዴል ይሠለጥናል። አጎትህ ከዳታው የወጣው በዚህ ነው፤ ነገ ስልኩን ሲያናግር ስልኩ የማይገባው ደግሞ ከዳታው ስለወጣ ነው።

ውጤቱ ተለክቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግል፣ የአይቢኤምና የማይክሮሶፍትን ሥርዓቶች በአሜሪካውያን ንግግር ፈትኖ፣ አማካይ የቃላት ስህተቱ ለነጮች 19 በመቶ፣ ለጥቁሮች 35 በመቶ ሆኖ አገኘው። ቋንቋው አንድ ነው። አጥኚዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ማሽኑ አነጋገሩን በበቂ ባለመስማቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ጠያቂዋ፣ የማሽን ማጣሪያ ካለሽ ቅጂ እንዲጥል አታድርጊው። የጠረጠረውን ወደ ሰው ጆሮ ይላከው። ባዶ ፋይልና የተቆራረጠ ድምፅ ብቻ በራሱ ቢጥል በቂ ነው።

ብዙ_አላምንም
ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ ድካም ግን? ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ከኢንተርኔት በተለቀመ 680,000 ሰዓት ድምፅ ነው የሠለጠነው። የ60 ሰው ቅጂ እዚያ ውስጥ ጠብታም አይሆንም። ዝግጁውን ሞዴል ወስዳችሁ ተገላገሉ።

ባለማይኩ
ከዚያ 680,000 ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉት 96 ቋንቋዎች ንግግሩ በራሱ ቋንቋ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠው 117,000 ሰዓት ነው፤ እሱም እኩል አልተከፋፈለም፣ አንዳንዱ ቋንቋ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ደግሞም ኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ ተያይዞለት የሚገኝ ድምፅ ማን የተናገረው ይመስልሃል?

ግን ግማሽ እውነት አለህ፤ 60 ሰው ሞዴል ከባዶ አያሠለጥንም። ይፈትናል እንጂ። ዝግጁውን ሞዴል ወስደን ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ የምናውቀው በእንዲህ ያለ ስብስብ ነው። አንድ ጥብቅ ነገር፦ ለመፈተኛ የተመደበ ሰው አንድም ቅጂው ሥልጠናው ውስጥ አይግባ። ቅጂዎችን ሳይሆን ሰዎችን ነው የምትከፋፍሉት። አለበለዚያ ሞዴሉ ያንን ድምፅ ለምዶት ውጤቱ ያለ አግባብ ያምራል።

ገልባጯ
እኔ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የምገለብጥ ነኝ። ተመራማሪዎች ሰው አነጋግረው ሲጨርሱ ፋይሉን ጠቅልለው ይልኩልናል፣ ከዚያ «የሰማችሁትን ጻፉ» ይባላል። የሰማሁት ምኑ ነው?

አንድ ቅጂ ላሳያችሁ። ሰውየው «ለ… ለእናቴ ደውል፣ አይ ቆይ፣ ለእህቴ» ይላል፣ መጨረሻ ላይ ይስቃል። እኔ ሁሉንም ጻፍኩት፣ ሳቁን በምልክት። ባልደረባዬ «ለእህቴ ደውል» ብላ አስቀመጠችው፤ የፈለገው እሱን ነው ብላ። ሌላው «ለእናቴ ደውል አይ ቆይ ለእህቴ» አለ፣ መንተባተቡን ትቶ። ሦስታችንም ተከራከርን፣ ሦስታችንም መመሪያ የለንም። የቃላት ስህተት የሚቆጠረው የተተካው፣ የጎደለውና የተጨመረው ቃል ተደምሮ፣ እኛ ለጻፍነው ቃል ብዛት ሲካፈል ነው። ባልደረባዬ በጻፈችው ሁለት ቃል ላይ፣ በትክክል የሰማው ማሽን አራት አምስት ቃል ጨምረሃል ተብሎ ከመቶ በላይ ስህተት ይመዘገብበታል! በደንብ ስለሰማ ተቀጣ።

በኛ ጽሑፍ ደግሞ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» አሉ። አንዷ «ፀሐይ» ሌላዋ «ጸሀይ» ስትጽፍ ማሽኑ የተለያየ ቃል ነው የሚመስለው። ቁጥርም «10» ይሁን «አሥር» መወሰን አለበት። ጠያቂዋ፣ መመሪያውን ከቀረጻው በፊት ጻፊው፤ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ግን በእውነተኛ ቅጂ ምሳሌ የተሞላ ይሁን። የተወሰነውን ፋይል ለሁለት ሰው ስጪና የት እንደምንለያይ እዪ። የምንለያይበት ቦታ ሁሉ መመሪያሽ ዝም ያለበት ቦታ ነው።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ማስታወሻዬ ሞላ። ሥዕሉን ተቀብያለሁ፣ የቀጠሮ ክፍያውንም። አሁን የተጣበቅሁት ከአለቃዬ ጋር ነው፤ «ስንት ሰዓት ይወጣዋል?» ነው ጥያቄው ሁሉ። ከዚያ ባለፈ ደግሞ ተሳታፊ ስመርጥ «አነጋገርዎ የየት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሰው ቅር ይለዋል፣ ወይም «እኔማ ንጹሕ ነው የምናገረው» ይለኛል።

አወያይዋ
ማን ነው እኔ አነጋገር አለኝ የሚለው? ያለው ሌላው ነው ሁልጊዜ። የት እንዳደገ፣ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ፣ አሁን የት እንደሚኖር ጠይቂው፤ ቀሪውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ዕድሜንም በክልል አድርጊው።

ማንበብ የማይችሉ ሰዎችንም አስቢ። የንባብ ጥናት ሳይታወቀው በር ይዘጋባቸዋል፣ በድምፅ የሚታዘዝ ነገር ከማንም በላይ የሚጠቅመው ግን ለእነሱ ነው። «በጆሮ ማዳመጫ አሰምቼ ላስደግማቸው» እንዳትዪ፤ የሰሙትን ቅላጼ ይዘው ነው የሚደግሙት። ሥዕሉ ለእነሱም ይሠራል።

ባለማይኩ
ለአለቃሽ ቲሚት የሚባለውን ዳታሴት አንሺለት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ነው፤ ጠቅላላው 5 ሰዓት ገደማ። ግን 630 ተናጋሪ አለው፣ ከስምንት የአሜሪካ የአነጋገር ክልሎች፣ እያንዳንዱ አሥር ዓረፍተ ነገር። ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው በሰዓቱ ብዛት አይደለም። ጉድለቱም ከሰዎቹ ነው የመጣው፤ ከ630ው 438ቱ ወንዶች ናቸው። አንድ ሰው አሥር ሰዓት ከሚያወራሽ ስድሳ ሰው አሥር አሥር ደቂቃ ያውራሽ።

ፈቃድ_ወረቀት
ማንም ስለ ፈቃድ አለማንሳቱ ገርሞኛል። ድምፅ እንደ አሻራ ባለቤቱን ያሳብቃል። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ የድምፅ አሻራን በስም ጠቅሳ ጠብቃዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግም ሰውን ለይቶ ለማወቅ የሚውልን ባዮሜትሪክ (የአካል መለያ) መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል።

«ለምርምር እንጠቀምበታለን» የምትል አንዲት መስመር አትበቃም። ለየብቻ አስፈርሚ፦ ማሽኑ ንግግር እንዲያውቅ ለማሠልጠን፣ ለሌላ ወገን ለመስጠት፣ በእሱ ድምፅ የሚናገር ማሽን ለመሥራት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው እምቢ ይላል፣ ይበል። ለሕዝብ የሚለቀቅ ከሆነም ይነገረው። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ኮመን ቮይስ የተባለው የድምፅ ማሰባሰቢያ ቅጂዎቹን ማንም ለፈለገው እንዲጠቀምባቸው ነው የሚለቅቀው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ መልሶ መሰብሰብ የለም።

መውጣት የሚፈልግም ይኖራል። ቅጂውን ማጥፋት ትችያለሽ፣ ከሠለጠነ ሞዴል ውስጥ ግን ድምፁን ነቅሎ ማውጣት ገና አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «እስከዚህ ቀን ከነገሩን ከሥልጠናው በፊት እናወጣዋለን፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉን እናጠፋለን፣ ሞዴሉ ውስጥ ያለውን ግን አንችልም» ብሎ ቀኑን መጻፍ ነው ሐቁ። በነፃ ጨዋታ ላይ ሰው የእናቱን ስልክ ቁጥር ሊናገር ይችላል፤ የፈጠራ ስምና ቁጥር የያዘ ካርድ ስጪው። ቤቱ ከሆነ የሚቀዳው፣ ከጓዳ የሚጣራው ሰው አልፈረመም፤ ያ ክፍል ይቆረጥ።

ብዙ_አላምንም
እሺ፣ ሐሳቤን ግማሽ ቀይሬያለሁ። ጠያቂዋ፣ ምንም ከማሠልጠንሽ በፊት ዝግጁውን ሞዴል በእነዚህ ሰዎች ላይ ፈትኚው። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ውጤቱን በሰው በሰው ለይተሽ እዚህ ለጥፊልን። አማካይ ላይ የተናጋሪ_ቁጥር_ስንት አጎት አይታይም።

ጠያቂዋ
ደስ ይለኛል። በኮድ አድርጌ፣ ዕድሜና ያደጉበትን አካባቢ ጎኑ ላይ ብጽፍ ችግር አለው?

ፈቃድ_ወረቀት
አለው። ከ60 ሰው ውስጥ ከአንድ አካባቢ የመጡ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሴት አንድ ብቻ ቢሆኑ ኮዱ ምን ይደብቃቸዋል? ጎረቤት አይቶ ያውቃቸዋል። ጥቂት ሰው ብቻ ያለበትን ምድብ ከሌላ ጋር ቀላቅለሽ አውጪው፣ ካልሆነ ዕድሜውን ወይም አካባቢውን አንዱን ተዪው። ዝርዝሩ እናንተ ጋ ይቀመጥ፤ ስሙን ከኮዱ የሚያገናኘው ፋይል ደግሞ ቅጂዎቹ ካሉበት ቦታ ሌላ ይሁን፣ የሚከፍቱትም ሰዎች ይታወቁ።

ገልባጯ
በነገራችን ላይ ሁሉንም 60 ጨርሰሽ አትላኪልን። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ሰዎች እንዳለቁ ላኪ፤ መመሪያው ላይ የጎደለውን እኛ እንነግርሻለን፣ ቁልፉ ቃል እየበላ ከሆነም ቀድመን የምንሰማው እኛ ነን።